የወላጅ ፊርማ

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ ካርዷ ቤት በመጣ ቁጥር፣
እኔ ነበርኩ ፈራሚው፣ ከታች ካለችው መስመር።
በግሪስ እጄ፣ መሪው ላይ አስደግፌ፣
ስንቱን ሴሚስተር አሻገርኳት፣ ጠማማ ስሜን ጽፌ።

ዛሬ ግን በዚህ ፎርም ላይ፣
ፊትና ጀርባውን ባይ፣
"ለአባት የተተወ ቦታ የለም ወይ?"
ናርዶስ ሳቀች፤ "የለም፣" አለች፤
"ምርጫው የኔ ነው'ኮ አባዬ፣" ብላ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓቱ።
ኮዬ ፈጬ በጨለማ፣ ብሎክ በብሎክ፣ በየመስኮቱ
አንዳንድ ሻማ ሲያንጎላጅ፤
ከታች የጄነሬተር ጩኸት፣ ከላይ የሚያለቅስ ልጅ።
"ስልክህን አብራልኝ፣" አለች፤ "ነገ ጠዋት ነው ማስገቢያው።"
ደስ አለኝ፤ ሥራ አገኘሁ፤ ከጀርባዋ ነው መቆሚያው።

ሹፌር ነኝ፤ አገሬን የማውቃት በካርታ አይደለም፣ በናፍጣ፤
በረዳትነቴ ዘመን፣ በአይሱዙ ስወርድ ስወጣ።
"ጅማ፣" ስትል፣ እሷ ነጭ ጋዋን አየች፤
እኔ የጊቤን ቁልቁለት፣ ስንቱን መኪና የበላች።
"ሐረማያ፣" ስትል፣ የሂርና ጭጋግ ወረደብኝ፤
"አርባ ምንጭ" ደግሞ ሶዶን አልፎ፣ ሁለት ጎማ ባንድ ሌሊት የፈነዳብኝ።
ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም፤
ብቻ "ሩቅ ነው፣" አልኩ። ቀና ብላም አላየችኝም።

አሁን በሚኒባሴ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ስመላለስ፣
ደብተር የያዘ ካየሁ፣ ጋቢና ነው የማስቀምጠው፣ ወሬ እስክቀስም ድረስ።
"ዶርሙ ይበርዳል? ምግቡስ?" አንዱ "ምስር ብቻ ነው፣" አለኝ፤
ሂሳቡን ተውኩለት፤ ረዳቴ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

እናቷ ተኝታለች ስንል፣ ከመኝታ ቤት ጠራች፦
"አዳማን አስቀድሚ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ አመጣለሁ፣" አለች።
ከፈተናው በፊት ጀምሮ፣ ከአልጋው ሥር የደበቀችው
ነብር ያለበት ብርድ ልብስ አለ፣ በዕቁብ ተራዋ የገዛችው፤
"ለእንግዳ ነው፣" ትላለች።
እንግዳ መጥቶ አያውቅም፤
እኔም ናርዶስም፣ አየን አላልንም።

ውጤት የመጣ ዕለት፣ እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ሳለ፣
አስካለች መስኮት ዘጋች፤ ከሥራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በአራት ነጥብ የቀረ ልጅ አለ።
ይስሐቅ ነው። አብረው ነበር ያጠኑት፣ ደረጃው ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ፤
በማግስቱ የውሃ ጀሪካናችንን ተሸክሞ ወጣ፣ ሳይጠየቅ፣ ሳያርፍ።
"እንኳን ደስ ያላችሁ፣" አለና ወረደ፤
የእግሩ ድምፅ ከጆሮዬ እስከ ዛሬ አልሄደ።

ክንዴ ዛለ። ባትሪው ዘጠኝ ከመቶ ላይ ቆሟል፤
አንደኛው ሣጥን ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተሰርዟል።
በሦስተኛው "ጅማ" ብላ፣ ሳትተነፍስ፣ ጻፈች፤
ቀና ብላ አየችኝ፤ ጊቤ በመሃላችን አለፈች።
"ጥሩ ነው፣" አልኩ። "መንገዱም እኮ አሁን ተሠርቷል።"
ከሄድኩበት አሥር ዓመት አልፏል።

ከዚያ ወረቀቱን ላቀና ብዬ ጠርዙን ስይዘው፣
የአውራ ጣቴ ግሪስ ጥጉ ላይ ቁጭ አለ፤ በላጲስ ብታሸው ባሰው።
"ኤጭ፣ አባዬ! ነገ ምን ብዬ ልስጣቸው?"
"አባቴ ፈረመ በያቸው።"

መሳቋን ሳላይ ስልኩ ድርግም አለ።
ከመኝታ ቤት ግን ድምፁ ቀጠለ፦
"አዳማን ስንተኛ አደረግሽው?"