መብራት እስኪበራ

የሂልትዬ አምባር ጎማ ነው፣ ሰዓት አይቆጥርም እንደ ሰዓት፤
ደጃፉን ረግጣ ስትወጣ፣ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ጩኸት።
ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ሀርሊንገን ወደብ ተወልዳ
ያደገችው ከዚያው ወዲያ ነው፣ ከባሕር ግድቡ ሥር ሜዳ።

የልጅ ልጇ ልጅ ብራም፣ ቅዳሜ ሲመጣ ሊጠይቃት
እሱም አንጓው ላይ አስሯል፣ የእሷን የመሰለ ሰዓት፤
እናቱ ከቢሮዋ ሆና የት እንዳለ የምታይበት፣
ለሁለት መታጠፊያ መንገድ፣ ትምህርት ቤት ደርሶ ለሚመለስበት።
ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንጓና አንጓቸው ሲነካካ
(እሱ ካርቱን ያያል፣ እሷ እሱን) እላለሁ በሆዴ፦ ለካ
ሰው በሁለቱም ጫፉ ነው፣ ርቀቱ የሚለካ።

«ጠዋት ዳቦ በእጃችን፤ በሩ ይዘጋል ከኋላችን።
'ወዴት?' የሚል አልነበረም፤ 'ውጪ' ነበር አድራሻችን።
ሕግ አንዲት ብቻ ነበረች፣ የእናቴም፣ የሰፈሩም ሁሉ፦
'የግድቡ መብራት ሲበራ ግቡ'፤ ሌላ ቃል መች ይላሉ።
ቦዩን በዱላ እንዘላለን፤ ዘለን የወደቅን ለት
ጭቃው ደርቆ እስኪረግፍልን፣ ጸሐይ ላይ እንደ ብቅል መሰጣት።
ከተገለበጠ ጀልባ ሥር፣ ገመድ ክምር ላይ ተኝተን፣
የቀጥራን ሽታ ተሸክመን፣ ጉልበታችንን ተልጠን፣
ማን ጣለህ፣ ማን መታሽ የለ፤ ቁስሉን በምራቅ አብሰን።
ሹርድ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ አናት ላይ ወጥቶ ፎከረ፤
መውረዱን ግን አላሰበም፤ ሲመሽ ማልቀስ ጀመረ።»

ትስቃለች። ጥርሷ ብርጭቆ ውስጥ፤ ሳቋ ግን ሙሉ ጥርስ አለው።
ከዚያ ዝም። አንዳንዱ ወሬ ከዝምታ ማዶ ነው የሚኖረው።
ዳውዌን አንዴ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ወንድሟን።
በረዶው ሳይጠና የገባውን፤ መብራት በርቶ ያልመጣውን።
«ያን ማታ እናቴ ቆጠረችን፤ ደግማ ደግማ፣ እኛን አምስቱን፣
ስድስት እንድንሆንላት።»
አለችና፣ «አቀብይኝ» አለች ስኳሩን።

እኔም የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ደቻቱ ነበር ሜዳችን፤
አሸዋው ላይ ኳስ ስንራገጥ፣ ጎርፉ ከላይ ሲመጣብን
በድምፁ ነበር የምናውቀው፤ ማንም መጥቶ አያወጣን።
«ልጆችሽስ?» ሲሏት እናቴ፣ «ረሃብ ይሰበስባል እነሱን።»
የእኔዋ ልጅ ግን፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣
ብቻዋን ዳቦ ቤት ለመሄድ፣ አሥር ዓመቷን ጠበቀች።
ከልካይዋስ ማን ነው? እኔው ነኝ። መስኮት ላይ ቆሜ ስቆጥር
እስከ አራት መቶ ሠላሳ። ስትገባ ግን፣ ዝም። ምስጢር።

የጥቅምት ማብቂያ፣ ማክሰኞ፤ ከኪሴ ጩኸቱ ተነሳ።
አልጋዋ ባዶ፣ ጫማዋ የለ፤ ከዘራዋ ብቻ ተረሳ።
ሮጥኩ። ነፋሱ ይገርፋል፤ ግድቡ ላይ ሣሩ ተኝቷል፤
የእርሻው በጎች ተጠጋግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።
እሷ እዚያ ነች። ከምሰሶው ሥር። የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት፣
ኪሷ በጠጠር ተሞልቶ፣ ጉንጯ ቀይ፣ ዓይኗ የልጅነት።
«ሂልትዬ፣ ተነሽ፣ እንግባ፣» አልኩ፤ እጄን ዘረጋሁላት።
ወደ ላይ አየች፣ ወደ አምፖሉ።
«ገና ነው፤ መቼ በራ መብራት?»

ስልኬ ጮኸ፤ ኃላፊዬ ናት፦ «አገኘሻት?»
«አግኝቻታለሁ፣ እንመጣለን።» መቼ እንደሆነ አልነገርኳት።
ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እርጥብ ነው፤ ልብሴን ውሃ ዘለቀው፤
መሬት ላይ ከተቀመጥኩ፣ ስንት ዓመት ነው? ማን ያውቀው።
አንድ ጠጠር ሰጠችኝ። ወረወርኩ። ከእኔ የእሷ ራቀ።
ማዶ የአንድ ጀልባ ፋኖስ ብልጭ ብሎ ደግሞ ጠለቀ።

አምፖሉ አንዴ ተርገበገበ፣ ሁለቴ፣ ቢጫ ሆነ፣ በራ።
ሂልትዬ ተነሳች፤ ልብሷን አራገፈች፤ ወደ ውሃው ዞራ
ተጣራች፣ በቀጭን ድምፅ፣ እንደ ታናሽ እህት፣ ሳትፈራ፦
«ዳውዌ! ና እንግባ! በርቷል!»

ቆመን ጠበቅነው ጥቂት።
ከኪሴ አሁንም ይጮሃል።
እጄን ይዛ መራችኝ ወደ ቤት።