ታይዋን ገበያ፣ ነጂብ ሱቅ

ነጂብ ሁለቱን ላፕቶፕ ጎን ለጎን ከፈተልኝ።
«ይሄኛው ፈረስ ነው» አለ፣ «የሦስት ቀን ሠርግ
ሻይሽ ሳይበርድ ቆርጦ ቀጥሎ ያስረክብሻል።
ባትሪው ግን... ሁለት ሰዓት። ከሶኬት አትራቂ።»

ጭኔ ላይ አኖርኩት፤ ጋለ።
በድሬ ግንቦት፣ በላብ ላይ ሌላ ምድጃ!

ያኛው ፕሮሰሰሩ ዝግ ያለ፣
አንዲት ቪዲዮ ለማውጣት
እንደ ድሮው የለገሃር ባቡር የሚያቃስት፤
ግን ከሱብሂ እስከ መግሪብ አይሞትም።

ሳቢያን መብራት ሲሄድ መቼ ይነግራል?
ሙሽሮችስ መቼ ይታገሣሉ?

ስመዝን፣ ስመዝን፣
ጭልም አለ ሱቁ፤ ማራገቢያው ቆመ፤
ፈረሱም፣ ገና ቻርጅ ያልጠገበው፣
ከነጉልበቱ ተጋደመ።

ነጂብ ብሬን የቆጠረው
በዘገምተኛው ብርሃን ነው።
ስወጣ ግን
ዓይኔ እዚያው ቀረ፣
ከጨለመው ጋር።