የደጃፍ ተልባ

ደብረ ማርቆስ ላይ ነው፥ ሰኔ ጭጋግ ጥሎ፥
መብራቱ እንደ እንግዳ፥ መጣሁ ሄድሁ ብሎ፥
እኔ አንድ ዐይን ጨፍኜ፥ ባንዱ ማይክሮስኮፕ ውስጥ፥
የማህፀኗን አፍ፥ አያለሁ የአንዲት አይጥ።

በሦስተኛው ቀኗ፥ ገና ነች እንግዳ፥
ሕዋሶቿ ጠፍጣፋ፥ የሐምሌ አቁማዳ።
በዘጠነኛው ቀን፥ ሆዳቸው ይነፋል፥
ኒውክሊየሳቸው ጥግ፥ ተገፍቶ ይለጠፋል።
በዐሥራ አራተኛው፥ ሰማያዊ ቀለም
ጠጥተው ጢም ብለው፥ የሚያልፋቸው የለም።

መጽሐፉ «ንፍጥ» ይለዋል።
ንፍጥ በእኛ አገር ስድብ ነው፤
እኔ ተልባ እለዋለሁ።
የደምበጫዋ አዋላጅ፥ እትዬ አንጓች፥
ተልባ በጥብጣ ሌሊቱን አሳድራ
ወሯ ለገባ ሴት ታቀርብ ነበር፦
«ጠጭው፤ መንገዱ ይሙለጭለጭ።»
የአይጧ ተልባ ግን ሁለት ሥራ አለው፤
መጀመሪያ መዝጋት፥ ኋላ ማንሸራተት።
መቼ የትኛውን? ማን ነገራት?

ዶክተር እንየው «ሆርሞን ነው» ይላል።
እሺ።
ሆርሞን እኔም ነበረኝ።
በአምስተኛ ወሬ፥ የጨሞጋን ድልድይ ሳልሻገር፥
ምጥ ሳይጠራው፥ ደም ሳይቀድመው፥
ዝም ብሎ ተከፈተ፥
ዘበኛው እንደተኛበት ደጅ።
እና ቀናሁ።
በአይጥ ቀናሁ፥ ጎተራ በምትፈጅ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤
እዚህ ቤት ተረቱ፥ ተገልብጦ ውሏል።
ሰው እየጠየቀ፥ አይጥ ትመታለች፤
ለያንዳንዱ ቀን መልስ፥ አንዲት ትሞታለች።
ምላጩን የምስለው እኔ ነኝ።
ሰም ውስጥ የምቀብራቸው፥
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ የምቆርጣቸው፥
ስማቸውን በቁጥር የምጽፈው፥ እኔ።

ቁጥር ዐሥራ አንድ ቀረች።
ዐሥራ ዘጠነኛ ቀኗን ለሰኞ ጠዋት ቀጥረንላት፥
ጥጧን ስትጎዘጉዝ ትቻት ወጣሁ።
እሑድ ሌሊት ዝናብ ጣለ፥ መብራት ሄደ፤
ሰኞ በሩን ስከፍት
ሰባት ቀያዮች፥ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ፥
ዐይናቸው ገና ያልተሠራ የሚመስል፥
ጡት ላይ ተደርድረው ይጎትታሉ።
ከጥጡ ዳር አንድ የደረቀ ክር ነበር፥
የቀንድ አውጣ ዱካ መስሎ የሚያብለጨልጭ።
በባትሪ ብዙ አየሁት።
ሳልጠርገው ዋልሁ።

እንየው «ባንቺአምላክ፥ አመለጠችን» ብሎ ሳቀ፤
ሌላ አይጥ ከባሕር ዳር እንዲላክ ደብዳቤ ጀመረ።
እኔ መዝገቡን ገለጥሁ፦
«ቁጥር ዐሥራ አንድ፤ ለምርመራ አልደረሰችም።»
ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ እጄ ቆመ።
ጭጋጉ መስኮቱን እስኪለቅ ድረስ ቆመ።
ከዚያ፦
«በሰዓቷ ተከፈተች።»
በእርሳስ።