ጎኗን የተነከሰች ፍሬ

ሞንታና። ጥር ወር። መስኮቱ በረዶ ለብሷል፤
ከማጉያው መነጽር ሥር መብራቱ ነጭ ክብ ጥሏል።
ሄልጋ ስቶርሊ፣ ዘር መርማሪዋ፣ ሠላሳ ዓመት ያጎነበሰች፣
ወንበሬን በእግሯ ስባ ከራሷ ጎን አስቀመጠች።
«ስሙን አትጠይቅ» አለችኝ፣ «ስም ኋላ ይደርሳል፤
መልኩን ጠይቀው በፊት፤ ከረጢት ላይ ስም ይዋሻል።

ይኸኛው አሜከላ ነው፣ ሜዳ ላይ የሚንሰራፋው፤
ቀጠን ያለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ቡናማ፣ ልሙጥ ነው ገላው።
አናቱ ላይ ቀለበት አለ፣ የብርጭቆ አፍ የሚመስል፣
መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ሻማ ቀልጦ የቀረ ያህል።
ይኼ ደግሞ ወፈር ያለው፣ ጥቁር ሰረዝ የወረደው፣
አንገቱን እይ፤ ቢጫ ክር ነው እንደ ማዕተብ የከበበው።
አራት ጠርዙ፣ ቆዳው አግድም የተሸበሸበ፣
የስኮትላንድ አሜከላ ነው፤ ዕዳው ትዝ እንዳለው ሽማግሌ
ግንባሩን የሰበሰበ።
የሁሉም እትብት ከታች ነው፣ ከእናት የተለዩበት ጠባሳ፤
ሌላው ሁሉ ቢጠፋህ ይቺን ብቻ አትርሳ።

ናፕዊድ ግን፣ የአክስት ልጃቸው...» ድምጿን ዝቅ አደረገች፣
የወረንጦዋን ጫፍ ጠረገች፣
«ከሥሩ ከፍ ብሎ፣ በጎኑ፣ ገላው ተቦድሷል፤
ሁለት ጥርስ ያበቀለ ሕፃን ዳቦ የነከሰ ይመስላል።
ጠቆር ይላል፤ ፈዛዛ መስመር ቁልቁል ወርዶበታል፤
ጸጉሩ አጭር፣ ያለቀ ብሩሽ፣ አናቱ ላይ ቆሞበታል።
የዝሆን ጥርስ መስሎ ነጥቶ፣ ንክሻው ከጠፋ ደግሞ
ሩሲያዊው ነው፤ በሥሩ፣ መሬት ለመሬት፣
ይመጣብሃል ከርሞ ከርሞ።»

ለእኔ ሦስት ሳምንት ሁሉም የሞተ ቁንጫ ነበር፤
አንዴ አስነጥሶኝ የግማሽ ቀን ሥራዬ ተነነ በአየር።
አልተቆጣችም፤ ወለሉ ላይ ከጎኔ ተንበረከከች፤
ጣቷን በምራቅ እያራሰች አንድ በአንድ ለቀመች።

የካቲት ላይ ከሸለቆው የአልፋልፋ ዘር መጣ፤
ሃምሳ ግራም፣ ሃያ አምስት ሺህ ፍሬ፣ ተነፍቶ የወጣ።
ኩላሊት፣ ኩላሊት፣ ቢጫ ኩላሊት ብቻ፤
ምሳ ሰዓት ያለፈበት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ዘመቻ።
«ንጹሕ ነው» ልል ስል አንዲት ጠቆር ያለች ነገር አየሁ፤
ገለበጥኳት፤ ጎኗን አየሁ፤
ዝም ብዬ ቆየሁ።

ሄልጋ ጎንበስ አለች። ንክሻው። መስመሩ። የብሩሹ ጭራ።
ከዚያ ፖስታውን ገልብጣ አነበበች፣ ፊደሉን ተራ በተራ።
አርነ ስቶርሊ።
ወንድሟ ነው።
በድርቁ በጋ ላሞቹን በርካሽ የሸጠ፣
ይህን ዘር ለባንክ ዕዳው ተስፋ አድርጎ ያስቀመጠ።

ያቺ ፍሬ ከወረንጦው ጫፍ ክብደት የላትም፤
እፍ ቢሏት ትሄዳለች፤ ማንም አያያትም።
እኔ ራሴ አስነጥሼ ስንቱን አልበተንኩም?
ሄልጋ ትንፋሿን ያዘች። እኔም አልተነፈስኩም።
ደጅ፣ በረዶ ጠራጊው መኪና እያጓራ አለፈ፤
ጠረጴዛው ተርገፈገፈ።

ብዕሯን አነሳች። «ናፕዊድ፣ አንድ» ብላ ጻፈች፤
«አንድ» የሚለውን ሁለቴ ረግጣ አደመቀች።
«አንድ ብቻ እኮ ናት» አልኳት።
«አዎ፣ ዘንድሮ» አለች፤
ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች።

ከወዲያ ማዶ ውሻ ጮኸ፤ በር ተዘጋ፤ ከዚያ ጸጥታ።
ልጆች ሳሉ አባታቸው ለነቀሉት ሥር ሁሉ
ሳንቲም ይከፍላቸው ነበር፣ ማታ ማታ።
ስለዚህ ሌላ አልጠየቃትም። «በጎኗ ነው?» አለ።
«በጎኗ።»
ስልኩ ጆሮዋ ላይ ዋለ።
«አንቺ ነሽ ያየሻት?» ሲል ሰማሁ።
«ልጁ ነው» አለች፤
እኔን ግን ቀና ብላ አላየች።

ፍሬዋ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ በጣት በምታህል ጠርሙስ፤
አርነ መሬቱን ከሸጠ፣ ሄልጋም ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፣
ዘንድሮስ?
አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ከመብራቱ ሥር አኖራታለሁ፤
ስሟን አልነግረውም።
«እፍ እንዳትላት» እለዋለሁ።