ዘጠና ስድስት ዐይን

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በር አያንኳኳም፤
ዘው ይላል እንደ አማት፣ ቢቆጡት አይሰማም።
እህቴ ጦይባ ነጠላዋን ታነሣለች፣
እስከ አገጯ ድረስ ትጠመጥማለች፤
ለብርዱ ነው ትላለች።
እኔም አዎ፣ ለብርዱ ነው እላለሁ፤
እንቅርቷን ግን አውቃለሁ፣
ከልጅነት ጀምሮ አብሮን ሲያድግ አይቻለሁ።

ቦሩ ሜዳ ሐኪሙ ቀን ቆርጦ ሲሰጣት፣
የአንገት ሹራብ ልሥራ አልሁኝ ሳልነግራት፤
ቁስሉን ከጉጉፍቱ ነፋስ የሚጋርድ፣
ቀለሙ ከሩቅ የሚነድድ።
ሌሊት፣ እንቅልፍ ሲጥላት፣ በክር ለካኋት፤
ክሩ ዞሮ ዞሮ
እብጠቱ ላይ ሲደርስ፣ እጄ ዘገየበት።

ነጩ ከሙሄ በግ፣ ጥቁሩ ከኛው ሙክት።
አምስት መርፌ አወጣሁ ከጃንጥላ አጥንት፣
ክረምት ከሰበረው፤ ድንጋይ ላይ አሾልሁት።
ቀይ በግ የሚሉት ሲሸልቱት ዳማ ነው፤
እኔ የፈለግሁት የበርበሬውን ነው።
ከሰልባጅ ተራ ላይ አንድ ሹራብ ገዝቼ፣
ደረቱ ላይ የሰው አገር ፊደል አይቼ፣
ፊደሉን ከነትርጉሙ ተረተርሁት፣
በጉልበቴ ዙሪያ ጠመጠምሁት።

ንድፉን የነደፍሁት በልጄ ካሬ ደብተር፣
ሒሳብ ካለቀበት ከኋላው ገጽ ነበር።
አንዱ ካሬ አንድ ዐይን፤
ጥቁሩ በእርሳስ፣ ቀዩ በእስክሪብቶ፣
የገብስ ዛላ ላወጣ፣ ጢሙ ወደ ላይ ተመዝዞ ወጥቶ።
ዛላው ዐሥራ አንድ ዐይን፣ ዙሩ ዘጠና ስድስት፤
አካፈልሁት፣ ስምንት ተረፈኝ፤ ደገምሁት፣ ያው ስምንት።
ልጄ እንድሪስ ካልጋው፣ ዐይኑን ሳይገልጥ፣
«አንድ ጨምሪበት» አለኝ፣ ወደ ግድግዳው ሲገለበጥ።
አንድ ነጭ ባዶ ዐይን በዛላና ዛላ መሀል፤
እውነቱን ነው፣ ገብስም ነፋስ ማለፊያ ይፈልጋል።

ሁለት ክር በሁለት ጣት፤ አንዱ ሲታይ አንዱ ከኋላ ያልፋል፤
ካጠበቁት ሹራቡ እንዳኮረፈ ፊት ይጨማደዳል፤
ከለቀቁት ጣት ይይዛል።
ማንም አላስተማረኝም፣ ሦስቴ ፈትቼ ነው ያወቅሁት፤
በሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ፣ በጣቴ አነበብሁት።

አንድ ነገር ግን አልተቃናልኝም፤
ዙሩ የጀመረበትና ያለቀበት አይገጥምም፣
አንድ እርከን ይዘላል።
ክብ የመሰለኝ ለካ ዳገት ኖሯል፤
እንደ ጦሳ መንገድ፣
የተመለሰ ሲመስል፣ ከፍ ብሎ ያልፋል።

በዐሥራ አምስት ቀኗ ጦይባ ከመኪና ወረደች፣
ፋሻዋን ይዛ፣ ቀና ብላ ሄደች።
ሹራቡን አጠለቅሁላት።
ትከሻዋ ላይ ወደቀላት።
ለካ የለካሁት እሱን ነበር፣ የሄደውን፣
ቦሩ ሜዳ የቀረውን።

«ልፍታው» አልኋት፣ «ሰማንያ አራት ዐይን፣ ሰባት ዛላ ይበቃል።»
ዝም አለች። እጇን ሰደደች በሱፉና ባንገቷ መሀል፤
ጣቷ ገባ፣ መዳፏ ገባ፣ ቦታም ተረፈ።
ሳቀች፤ ሳቋ ቁስሏን ነካው መሰለኝ፣ ፊቷ ታጠፈ።
«ተዪው» አለች፣ «ሃያ ዓመት ጠበበኝ ስል ኖሬ፣
ሰፋኝ ማለት አማረኝ ዛሬ።»

ማግሥቱ ገበያ ነበር።
ያልገጠመውን በኩል ወደ ፊት አዞረችው፣
ከፋሻው ትይዩ አደረገችው፤
ነጠላዋን እጄ ላይ ጥላ
ወጣች።