አራት ሰከንድ

ኦውሉ ላይ ኅዳር ነው፤ ፀሐይ ለአመል ወጥታ
ከጥዱ ጫፍ ሳትደርስ ተመልሳ ገብታ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መሽቷል ለሬታ።

ሥራዋ ለቀማ ነው፣ ጠጠሩን ከምስሩ፦
ቅንድብ ሽቅብ ካለ «ግርምት» ነው በዝርዝሩ፣
«ንዴት» ነው ሲቋጠር፣ ሲጨማደድ ግንባሩ።
ማሽኑም ይደግማል እንደ ፊደል ቆጣሪ፣
ዜማውን እንጂ ፍቺውን እንዳልያዘ ጀማሪ።

ዛሬ ካሜራው ፊት ኡርሆ ተቀምጧል፤
ዕድሜውን በሙሉ የጀልባ ሞተር ጠግኗል፣
ዘይቱ ከጥፍሩ ሥር እስከ ዛሬ ቀርቷል።
«ስለሚናፍቁት ሰው እስቲ ያጫውቱኝ» ቢለው
ማር በላሰ ድምፁ፣ ቀላል እንደ ሆነ ሁሉ፣
ኡርሆ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረው።

«ወንድም ነበረኝ፣ ኤርኪ። ሚያዝያ ነው፤ በረዶው
መሳሳት ጀምሯል። ባሕሩን አታቋርጥ አልኩት።
ሄደ።»
ከዚያ ዝም።

ፊቱ የተቆለፈ በር። ቅንድቡም አልተነሣ።
ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ስሜት የለም። ዘጠና አራት ከመቶ።»
ልብ የሌለው ነገር ምን ብሎ ልብ ይላል?
ሬታ ግን ልብ አለች፦ ካሜራው ከማያየው፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
አውራ ጣቱ የቆቡን ስፌት ይፈታል፣
አንድ ክር፣ ከዚያ ሌላ።

ማሽኑ ወዲያው «ደስ ይላል! ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ማለት ነበረበት።
አላለም። የሆነ ቦታ ተሰናክሎ ቆመ።

አንድ።
ሁለት። ውጭ በረዶ ጠራጊው መኪና ያጓራል።
ሦስት።
አራት ላይ ኡርሆ፣ «ዋሸሁ» አለ።
«አትሂድ አላልኩትም። እኔ ነኝ የላክሁት፣
ማዶ ካለው ሱቅ፣ ለአንድ ብሎን ብዬ።
ስድሳ ዓመት ሆነው፤ ለሚስቴም አልነገርኩ።»

ሲወጣ፣ ካፖርቱን እየቆለፈ፣ «ይሄ ዕቃችሁ» አላት
«ማዳመጥ ያውቅበታል። ልጆቼ እንኳ እንዲህ አይታገሡኝም።»

በማግስቱ አለቃዋ ታፓኒ፦ «አራት ሰከንድ ተንጠልጥሏል፤
ሳይሸጥ ይጠገን።»
ጠገነችው። አንዲት የተረሳች ነጠላ ሰረዝ ነበረች።
ከሥሯ ግን በገዛ እጇ «አራት ሰከንድ ጠብቅ» ብላ ጻፈች፣
ውሸት ይሁን ምሕረት ሳትወስን።

የኡርሆን ፊት መልሳ ከፈተች። «ስሜት የለም» የሚለውን ሰረዘች።
ሳጥኑ ባዶ አይቀመጥም፤ «ምረጪ» አላት ስክሪኑ።
ደስታ። ንዴት። ግርምት። ፍርሃት።
ጠቋሚው ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ይላል፤
የሹራቧ ጠርዝ፣ በአውራ ጣቷ ሥር፣
ክሩ ተፈቷል።