ከኋላ ሲታይ

ቀኑ በዚህ አገር በቀይ አልተጻፈም፣
ባንኩ አልተዘጋም፣ አውቶቡስ አላረፈም፤
ግማሻችን ፈረቃ ለውጠን የመጣን፣
ግማሻችን «አሞኛል» ብለን የወጣን፣
የአፍሪካን ቀን ብለን ሞላነው መናፈሻ፣
ዊኒፔግ፣ ግንቦት ዐሥራ ሰባት፣ የብርዱ መጨረሻ፣
ከተባለ።

ቁመቴን አዩና ገመዱን ሰጡኝ፤
«ባንዲራ ስቀይ» ብለው መሰላል ላይ አወጡኝ።

ጠቡ የተነሣው በተራው ነበር፤
ማን ይቅደም? ማን ይከተል? በማን ፊደል ይደርደር?
አንዱ በፈረንሳይኛ ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፣
ሱዳኑ ሰውዬ ከቀኝ ወደ ግራ ጀመረ፤
የኬፕ ቬርዴዋ ሴት «ደሴት ነን፣ ግን ዳር አንቆምም» አለች፤
እኔ በሀሁ ብልም ሊቢያ ትቀድማለች፣
የኔዋ አገር አ ላይ፣ ከመሃል ትገኛለች።

ኋላ ነፋስ ዳኘን። ካርቶኑን ገለበጠ፤
ቦትስዋና አጥሩ ላይ፣ ቶጎ ውሻ ጀርባ ላይ ተቀመጠ፤
እየሮጥን ለቀምን፤
እጃችን የያዘውን እሱን አስቀደምን።

ሽማግሌው ቲየርኖ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣
ኮፍያቸውን ይዘው ሽቅብ እያማተሩ፣
«አገሬን ገለበጥሽው! ይሄ እኮ ማሊ ነው!»
ጊኒ በቀይ ትጀምራለች፣ ማሊ በአረንጓዴ፤
ይህን እንኳ አለማወቅ! አለኝ የገዛ ሆዴ።
ልፈታው ስጣደፍ መሰላሉ ዋለለ፤
«ተዪው!» የሚል ድምፅ ከማዶ ተከተለ።
ንያሌ ናት፣ የባማኮ ልጅ፣ የመንታ ጋሪ የምትገፋ፦
«ከዚህ ሲታይ ጊኒ ነው፤ እንዲያውም ማሊ ነው የጠፋ!»

ሽማግሌው መንገዱን ቀስ ብለው ተሻገሩ፤
እሷም ወዲህ መጣች። መሃል ላይ ተያዩ፣ ምንም ሳይናገሩ
ቦታ ተቀያየሩ፤
እሳቸው አገራቸውን ያዩ እሷ ከቆመችበት፣
እሷም የሷን ያየች እሳቸው ከለቀቁበት።

(ኮትዲቭዋርን ከኋላ ያየ አንድ ብስክሌተኛ
አየርላንድ መስሎት አጨበጨበ፤ ዝም አልን እኛ።)

እኔ ግን መሰላል ላይ፣ ባንዲራው አፍንጫዬ ሥር፣
ጊኒም ማሊም አላይ፤ የጨርቅ ጠርዝ፣ አንድ ክር፣
ከክሩ የተረፈ ጫፍ፣ በጥርሴ የምበጥሰው።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ ፈረቃዬ ደረሰ።
«ማታ ማን ያውርደው?» አለ አንዱ፤
ማንም አልመለሰ።